የሚንቀሳቀስ ሁሉ አንቀሳቃሽ ይሻልን?

የፊዚክስ ትምህርት ከሀሁ የሚጀምረው እንቅስቃሴ ምን እንደሆነና ኃይል ምን እንደሚሠራ በማስረዳት ነው፤ ፍልስፍናና ሥነ መለኮትም ስለ ፈጣሪ ሀልዎት፣ ማለትም ስለ መኖሩ፣ ማስረጃ ሲፈልጉ ከጥንት ጀምሮ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ እንቅስቃሴን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ይሻልን የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተሰጠው መልስ «አዎን፣ ይሻል» የሚል ሲሆን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ፊዚክስ ምክንያት የሚያሻው እንቅስቃሴው ሳይሆን የእንቅስቃሴው መለወጥ ነው የሚል ሌላ መልስ አመጣ። ይህ የመልስ ለውጥ ለአንዳንዶች ፈጣሪን ከዓለም ያሰናበተ መስሎ ሲታያቸው፣ ሌሎች ደግሞ እምነታቸው እንዳይነካ ፈርተው ከትምህርቱ ይሸሻሉ። ሁለቱም ወገኖች የሳቱት አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ለመረዳት የእንቅስቃሴን ትምህርት ከመነሻው አንሥቶ የመጣበትን መንገድ መመርመር ያስፈልጋል።

የአሪስቶትል መልስ

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል፣ በቀደሙት የግእዝ መጻሕፍት አርስጣጣሊስ እየተባለ የሚጠራው፣ በምድር ላይ የሚታየውን እንቅስቃሴ በሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ እርሱም እያንዳንዱ ነገር ወደ ገዛ ስፍራው የሚያደርገው ጉዞ ነው፤ በኢትዮጵያ የሥነ ፍጥረት ትምህርትም አራቱ ባሕርያት ተብለው የሚታወቁት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት በእርሱ አስተሳሰብ የየራሳቸው ስፍራ ስላላቸው፣ ድንጋይ መሬታዊ በመሆኑ ቁልቁል ይወርዳል፣ ነበልባል ግን እሳታዊ በመሆኑ ሽቅብ ይወጣል። ሁለተኛው የግድ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም አንድ ነገር ከተፈጥሮ ጠባዩ ውጭ በሌላ አካል ሲገፋ ወይም ሲጎተት የሚታይ በመሆኑ፣ ገፊው ሲያቆም ተገፊውም ያቆማል።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም ካለማስተዋል የመጣ አልነበረም። ገበሬ በጥማድ በሬ ሲያርስ በሬዎቹ በቆሙበት ቅጽበት ማረሻውም ትልሙ ውስጥ ቀጥ ይላል፤ ፈረሱ ካረፈ ጋሪው ብዙ ሳይርቅ ይቆማል፤ በገና ጨዋታ የተመታው ሩርም ሜዳውን ጥቂት እንዳቋረጠ ሣሩ ላይ ይረጋል። ዓይን የሚያየው ሁሉ፣ ዕረፍት ያለ ምክንያት ጸንቶ የሚኖር፣ እንቅስቃሴ ግን የሚያዘልቀው ካልተገኘ የሚከስም መሆኑን የሚመሰክር ይመስላል። አሪስቶትል ይህን ምስክርነት ተቀብሎ «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው በ8ኛው መጽሐፍ፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በሌላ የሚንቀሳቀስ ከሆነና የአንቀሳቃሾቹም ሰንሰለት ያለ ማብቂያ ሊረዝም ካልቻለ፣ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ሌላውን የሚያንቀሳቅስ አንድ ቀዳማዊ አንቀሳቃሽ ሊኖር ግድ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። የአይሁድ፣ የእስልምናና የክርስትና ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ወርሰው እያንዳንዳቸው በየሃይማኖታቸው ቋንቋ አስፋፍተውታል፤ ከ1225 እስከ 1274 እ.ኤ.አ. የኖረው ቶማስ አኩዊናስ የእግዚአብሔርን ሀልዎት ለማስረዳት ካቀረባቸው አምስት መንገዶች የመጀመሪያው ይኸው ከእንቅስቃሴ የሚነሣው ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ትምህርት ውስጥ ገና ከጥንቱ አንድ የሚያስቸግር ነገር ነበረ። የማሽላ ጠባቂ የወነጨፈው ድንጋይ ከወንጭፉ ከተለየ በኋላ ማንም ሳይነካው ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ገፊ ከሌለ እንቅስቃሴ የለም ከተባለ ድንጋዩ ከወንጭፉ እንደተለቀቀ ወዲያው እግር ሥር መውደቅ ነበረበት። አሪስቶትል ለዚህ የሰጠው መልስ፣ ወርዋሪው ከድንጋዩ ጋር አየሩንም ስለሚያንቀሳቅስ ድንጋዩን ከኋላ እየገፋ የሚወስደው አየሩ ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ ከትምህርቱ ሁሉ ደካማው ክፍል ሆኖ ተገኘ።

እስክንድርያዊው ዮሐንስ

ደካማውን ክፍል አጥብቆ የመረመረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ሊቅ ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ነው፤ ፊሎጶኖስ የሚለው የግሪክኛ ቅጽል ትጋትን የሚወድ ማለት ነው። ዮሐንስ በ517 እ.ኤ.አ. የአሪስቶትልን «ፊዚክስ» ሲተረጉምና ሲያብራራ፣ ፍላጻን ከኋላው የሚገፋው አየር ቢሆን ኖሮ፣ ፍላጻውን በእንጨት ጫፍ ላይ አጋድሞ የቱንም ያህል ብዙ አየር ከኋላው ቢነፉበት መሄድ በተገባው ነበር፣ ነገር ግን አንድ ክንድ እንኳ አይሄድም ሲል ተከራከረ። ስለዚህ ወርዋሪው ለተወርዋሪው የሚያስተላልፈው ሥጋዊ ያልሆነ የማንቀሳቀስ ኃይል አለ፣ ድንጋዩም ከእጅ ከተለየ በኋላ የሚጓዘው በዚህ በተቀበለው ኃይል ነው አለ። ከዚህም ሌላ፣ ክብደታቸው እጅግ የሚለያይ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ አሪስቶትል እንዳለው በክብደታቸው ልክ ተበላልጠው ሳይሆን በጣም በትንሽ የጊዜ ልዩነት መሬት እንደሚደርሱ አስተውሎ ጻፈ፤ ይህም ጋሊሊዮ ከመወለዱ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ዮሐንስ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ ሰው አይደለም። በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ውሳኔ ካልተቀበሉት ወገኖች አንዱ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከኖረችበት የእስክንድርያ ትውፊት ጋር ይተባበራል፤ ስለ ሥላሴ ኋላ በጻፈው ምክንያት ግን የገዛ ወገኖቹም ተቃውመውታል። ከአክሱም ጋር የሚያገናኘው ሁለተኛ ክር ደግሞ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ነው። ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ንጉሡ አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚዘጋጅበት ጊዜ አዱሊስ ደርሶ፣ በዚያ የነበረውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ለንጉሡ እንዲላክ የገለበጠ ሰው ነው። ይኸው ሰው ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ዓለም በሙሴ ደብተራ አምሳል የተሠራች መሆኗንና ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን እያንቀሳቀሱ የሚያዞሩት መላእክት መሆናቸውን አስተማረ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዮሐንስ ስለ ዓለም አፈጣጠር የጻፈው መጽሐፍ በአብዛኛው ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተሰጠ ምላሽ ነው።

የምላሹ ፍሬ ነገር ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቁልፍ ነው። ዮሐንስ፣ ለከባድ ነገር ወደ ታች የመውረድን ዝንባሌ የሰጠ እግዚአብሔር ለፀሐይና ለጨረቃ የመንቀሳቀስን ኃይል በተፈጥሯቸው ውስጥ ሊያኖር አይችልምን ብሎ ይጠይቃል። ይህን የሚለው ፈጣሪን ከሰማይ ለማራቅ ሳይሆን ሥራውን ለማክበር ነው፤ ለእርሱ ከሚገፋ እጅ ይልቅ ኃይልን አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ ይበልጣል። በተጨማሪም ሰማይና ምድር ሁለቱም ፍጡራን ስለሆኑ ባሕርያቸው አንድ ዓይነት ነው ብሎ፣ አሪስቶትል ለሰማይ ብቻ የመደበውን የማይለወጥ አምስተኛ ባሕርይ ክዷል። ፍጡርነት ሰማይን ከምድር ጋር በአንድ ሕግ ሥር ያኖረዋል የሚለው ይህ ሐሳብ የተነሣው ከሥነ ፍጥረት እምነት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በዚህ ላይ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ሊታሰብ ይገባዋል። መጽሐፉ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል መልአኩ ዑርኤል ብርሃናት የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን ስድስት የምሥራቅና ስድስት የምዕራብ በሮች ለሄኖክ እንዳሳየው ይተርካል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ደግሞ የሰማይ ብርሃናት ከተሰጣቸው ሥርዓት እንደማይወጡ፣ ሰው ግን እንደሚወጣ በማነጻጸር ይገሥጻል። አጽንዖቱ ያረፈው በማንቀሳቀስ ሥራ ላይ ሳይሆን ሥርዓትን በመጠበቅ ላይ ነው፤ «ሥርዓት» የሚለው ቃልም ዛሬ ፊዚክስ «ሕግ» ብሎ ለሚጠራው ነገር ቅርብ የሆነ ስም ነው።

ከዝንባሌ ወደ ኢነርሺያ

ከዮሐንስ የተጀመረው ሐሳብ በእስልምናው ዓለም ሊቃውንት እጅ አደገ። ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢብን ሲና ተወርዋሪው ከወርዋሪው የሚቀበለውን ነገር ዝንባሌ ብሎ ሰይሞ፣ የሚቋቋመው አየር በሌለበት ባዶ ስፍራ ይህ ዝንባሌ ሳይደክም ሊቀጥል እንደሚገባው ገለጸ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዣን ቡሪዳን ደግሞ ይህን የተሰጠ ግፊት ኢምፔተስ ብሎ ጠርቶ፣ መጠኑ በነገሩ የቁስ ብዛትና በፍጥነቱ እንደሚለካ አስተማረ፤ እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ለሰማያት አካላት ኢምፔተስ ሰጥቷቸው ሊሆን ስለሚችል የሚያንቀሳቅሷቸው መናፍስት እንደማያስፈልጉም ጨምሮ ገለጸ። በስምንት መቶ ዓመት ልዩነት የዮሐንስ ሐሳብ በፓሪስ መልሶ ብቅ ማለቱ፣ ጥያቄው በሃይማኖት ቤት ውስጥ የተወለደና በዚያው ያደገ መሆኑን ያሳያል።

ከ1564 እስከ 1642 እ.ኤ.አ. የኖረው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ክርክሩን ወደ መለኪያ አመጣው። ነገሮች ሲወድቁ ፍጥነታቸው ለዓይን ስለማይያዝ፣ የነሐስ ኳስ በተዳፋት ሰሌዳ ላይ እያንከባለለ ጊዜውን ከቀዳዳ በሚፈስ ውኃ ለካ፤ በእኩል የጊዜ ክፍሎች የሚታለፈው ርቀትም እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ እንደሚያድግ አገኘ። በመቀጠልም ከአንድ ተዳፋት የወረደ ኳስ በፊቱ ባለው ሽቅብ ላይ ከተነሣበት ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ላይ እንደሚደርስ፣ ሽቅቡ በተጋደመ ቁጥርም ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ሲል የበለጠ እንደሚርቅ በማየት፣ ሽቅቡ ጨርሶ ቢጋደም የሚያቆመው ነገር እስካልገጠመው ድረስ ኳሱ መጓዙን ሊያቆም እንደማይገባ አሰበ። ማረሻውን፣ ጋሪውንና ሩሩን የሚያቆማቸው የገፊ መጥፋት ሳይሆን ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት አካላት ሲተሻሹ የሚፈጠረው እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል መሆኑ በዚህ ግልጽ ሆነ።

ጋሊሊዮ በ1632 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጸጥታ ወደፊት በምትሄድ መርከብ ውስጥ መስኮት በሌለው ክፍል የተቀመጠ ሰው፣ የሚንጠባጠበውን ውኃና የሚበሩትን ነፍሳት ቢመለከት መርከቧ ትሂድ ወይም ትቁም መለየት እንደማይችል ጻፈ። ይህ ማለት ወጥ እንቅስቃሴና ዕረፍት በባሕርያቸው አይለያዩም፤ የሚለያዩት ከሚነጻጸሩበት ነገር አንጻር ብቻ ነው። ምድር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ፀሐይን ስትዞር በላይዋ ያሉት የማይሰማቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋሊሊዮ በዚህ መጽሐፍ የተነሣ በ1633 በሮም ተፈርዶበት እስከ ሞቱ በቁም እስር ኖረ፤ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1992 የጊዜው የሥነ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን በይፋ ገልጸዋል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ካልተከለከለ በቀጥታ መሥመር እንደሚቀጥል ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ካሳተሙት አንዱ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ሲሆን፣ ዘመኑም 1644 እ.ኤ.አ. ነው። ዴካርት ለሕጉ ያቀረበው ምክንያት የተገኘው ከሙከራ ሳይሆን ከሥነ መለኮት ነበር፤ እግዚአብሔር የማይለወጥ ስለሆነ ፍጥረትን የሚጠብቀው በፈጠረበት ሁኔታ ነው፣ ስለዚህም እያንዳንዱ ነገር ሌላ እስኪነካው ድረስ ባለበት ሁኔታ ይጸናል ብሎ ነበር። ፈጣሪን አስወገደ የሚባለው ሕግ፣ በታተመ መጽሐፍ ሲገለጥ ከፈጣሪ ባሕርይ እንደ ተወሰደ ድምዳሜ ሆኖ መቅረቡ፣ ጉዳዩን በችኮላ ለሚፈርድ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

የኒውተን ሦስቱ ሕጎች

አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ የእንቅስቃሴን ትምህርት በሦስት ሕጎች አጠቃለለ። የመጀመሪያው ሕግ፣ ማንኛውም አካል ከውጭ የሚመጣ ኃይል ካላስገደደው በቀር የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በቀጥታ መሥመር በማይለወጥ ፍጥነት እየሄደ ይጸናል ይላል፤ ይህ ባሉበት የመጽናት ጠባይ ኢነርሺያ ይባላል። አውቶቡስ በድንገት ሲቆም ተሳፋሪዎች ወደፊት የሚወድቁት የሚገፋቸው ኖሮ ሳይሆን አካላቸው የጀመረውን ጉዞ ስለሚቀጥል ነው። በወንጭፍ ሲሽከረከር የነበረው ድንጋይም ገመዱ በተለቀቀበት ቅጽበት ክቡን ትቶ በቀጥታ መሥመር ይሄዳል፤ ክቡን ይይዝ የነበረው ወደ መሐል የሚስበው ገመድ ነበርና። በ1977 እ.ኤ.አ. ወደ ኅዋ የተላከችው ቮዬጀር አንድ የተባለች መንኮራኩር ሞተር ሳይገፋት፣ የፀሐይ ስበት በጥቂቱ ከማዘግየቱ በቀር፣ ዛሬም በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች መሆኗ የዚህ ሕግ ጉልህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ሕግ ኃይል ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ኃይል የሚወልደው ፍጥነትን ሳይሆን ሽምጠጣን፣ ማለትም ፍጥነት ወይም የጉዞ አቅጣጫ በየጊዜው የሚለወጥበትን መጠን ነው፤ አንድ ዓይነት ኃይል ቢያርፍባቸው፣ መጠነ ቁሱ የበዛው አካል ጥቂት፣ ያነሰው ደግሞ ብዙ ይሸመጥጣል። የጫነ የጭነት መኪናን ለማስነሣትም ለማቆምም ከባዶው ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። መጠነ ቁስ በአንድ አካል ውስጥ ያለው የቁስ ልክ ሲሆን ክብደት ግን ስበት በዚያ ቁስ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በምድርም በጨረቃም 100 ኪሎ ግራም መሆኑ አይለወጥም፣ ክብደቱ ግን ኒውተን በተባለው የኃይል መለኪያ በምድር ላይ 980 ያህል ሲሆን በጨረቃ ላይ ወደ አንድ ስድስተኛው ይወርዳል። የአየር መቋቋም በሌለበት ደግሞ የሚወድቅ ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት ሽምጠጣ ይወርዳል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ሲለቅ ሁለቱም እኩል መሬት ነክተዋል።

ሦስተኛው ሕግ ኃይል ሁልጊዜ በጥንድ የሚገኝ መሆኑን ያስረዳል፤ አንዱ አካል ሌላውን ሲገፋ የተገፋውም በእኩል ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋል። በጣና ላይ ከታንኳ ወደ ዳር የሚዘልል ሰው ታንኳዋን ወደ ኋላ የሚያሸሻት፣ የሚራመድ ሰውም ምድርን ወደ ኋላ እየገፋ ወደፊት የሚሄደው በዚህ ሕግ ነው። ለፍልስፍና ይህ ሕግ ታላቅ ፍሬ አለው፤ በአሪስቶትል ዓለም አንዱ አንቀሳቃሽ ሌላው ተንቀሳቃሽ ሲሆን፣ በኒውተን ዓለም ግን ሁሉም አካል ሰጪም ተቀባይም ነው፣ ከፍጡራን መካከል ሳይነካ የሚነካ አንድም የለም።

ኒውተን በእነዚህ ሕጎች ላይ የስበትን ሕግ ጨምሮ፣ ፍሬን ከዛፍ የሚያወርደውና ጨረቃን በምሕዋሯ የሚይዛት ኃይል አንድ መሆኑን አሳየ። ጨረቃ ከምድር ማዕከል 60 የምድር ሬዲየስ ያህል ስለምትርቅ፣ ወደ ምድር የምትወድቅበት ሽምጠጣ በምድር ገጽ ከሚታየው 3600 ጊዜ እንደሚያንስ ስሌቱ ይናገራል፤ የሰማይ ምልከታም ይህን አጸና። ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ሰማይና ምድር በፍጡርነት አንድ ናቸው ያለው በ11 ክፍለ ዘመናት ልዩነት በቁጥር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሁለት ስሕተቶች

ከዚህ ታሪክ በኋላ ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች ብቅ ብለዋል። የመጀመሪያው የአማኞች ስሕተት ነው፤ እርሱም ሳይንስ ገና ባልገለጠው ክፍተት ውስጥ ፈጣሪን ማስቀመጥ ነው። ኒውተን ራሱ፣ ፕላኔቶች እርስ በርስ በመሳሳባቸው የሚፈጠረው መዛባት እየበዛ ስለሚሄድ ሥርዓቱ በጊዜ ብዛት መታደስ እንደሚያሻው ጽፏል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1715 እና በ1716 ከኒውተን ወዳጅ ከሳሙኤል ክላርክ ጋር በተጻጻፈበት ወቅት ይህን ሲነቅፍ፣ እንዲህ ያለው አምላክ የሠራውን ሰዓት በየጊዜው መጠገን የሚያስፈልገው ባለሙያ ይሆናል አለ። ክላርክ በበኩሉ፣ ዓለም ያለ ፈጣሪ ጥበቃ ራሷን ችላ ትሄዳለች ማለት ንጉሥ የሌለበትን መንግሥት ማሰብ ነው ሲል መለሰ። ቆይቶም ፈረንሳዊው ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን መዛባት በራሱ በስበት ሕግ የሚመጣና ተመልሶ የሚስተካከል መሆኑን በስሌት ስላሳየ፣ ለጥገና የተጠራው እጅ ሥራ አጣ። እምነትን ባልታወቀ ነገር ላይ የመሠረተ ሰው፣ ያ ነገር በታወቀ ቀን እምነቱ ይናዳል።

ሁለተኛው የከሃድያን ስሕተት ነው፤ እርሱም ሕግ ራሱ አንቀሳቃሽ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የእንቅስቃሴ ሕግ ነገሮች እንዴት እንደሚሆኑ የሚገልጽ ቃል እንጂ የሚያስገድዳቸው አካል አይደለም። ኒውተን በ1713 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም የስበትን ምክንያት ከክስተቶች ማግኘት እንዳልቻለና ግምት እንደማይፈጥር በግልጽ ተናግሯል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሁም ደግሞ አንዱ ኳስ ሌላውን ሲመታ ዓይን የሚያየው የአንዱን መድረስና የሌላውን መሄድ እንጂ በመካከላቸው ያለውን ኃይል እንዳልሆነ አሳይቷል። አልበርት አይንስታይን በ1915 እ.ኤ.አ. የስበትን ትምህርት እንደገና ሲያዋቅረው፣ ስበት የሚጎትት ኃይል መሆኑ ቀርቶ የሥፍራና የጊዜ መጉበጥ ሆነ፤ የሚወድቀው ድንጋይም በጎበጠው ውስጥ ያለ ማንም ግፊት ቀጥተኛ መንገዱን የሚሄድ ተደርጎ ታየ። ገለጻው ሲለወጥ ዓለም አልተለወጠችም። ስለዚህ ገለጻውን የነገሩ ፈጣሪ ማድረግ፣ ካርታን የአገሩ መሥራች እንደማድረግ ነው።

የቀረው ጥያቄ

በዚህ ሁሉ መሐል ከእንቅስቃሴ የሚነሣው የሀልዎት ማስረጃ ምን ደረሰበት? እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድን ብቻ ይዞ ተጓዥ ሁሉ በየቅጽበቱ ገፊ ያሻዋል የሚለው መልኩ ወድቋል፤ ሊነሣም አይገባውም። ወጥ እንቅስቃሴ እንደ ዕረፍት ያለ ሁኔታ ከሆነ፣ የሚሄደውን ማን ያስኬደዋል ብሎ መጠየቅ የተቀመጠውን ማን ያስቀምጠዋል ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። ነገር ግን ይህ መልሱን ሲያፈርስ ጥያቄውን ወደ ጥልቁ ያወርደዋል፤ የሚሄደውም የቆመውም እኩል የሚጠየቁት፣ ኖረው እንዲጸኑና ሥርዓትን እንዲጠብቁ ያደረጋቸው ምንድን ነው ተብሎ ነውና። አኩዊናስም እንቅስቃሴ ሲል በዋናነት ያሰበው መሆን የሚችለው ወደ ሆነው የሚሻገርበትን ለውጥ ሁሉ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከፊዚክስ ትርጉም ይሰፋል።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርባል። የሕግ መኖር ማብራሪያ የሌለው የመጨረሻ እውነታ ሊሆን ይችላል፣ ፈጣሪ አለ ብሎም ፈጣሪስ ለምን አለ ተብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከመግፋት በቀር ምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ በስድብ ሳይሆን በአክብሮት መመለስ አለበት። ምላሹም፣ የፊዚክስ ሕጎች ሌላ ዓይነት ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር ማሰብ ስለሚቻል ምክንያት የሚጠየቅባቸው መሆኑ፣ አማኙ ፈጣሪ ብሎ የሚጠራው ግን በባሕርዩ የግድ ያለ፣ ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ያልሆነ መሆኑ ነው። ይህን ምላሽ የሚቀበልም የማይቀበልም ይኖራል፤ የትኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ ግን በመካከላቸው አይፈርድም፣ ምክንያቱም ሁሉም መሣሪያ የሚሠራው ሥርዓቱ መኖሩን አስቀድሞ ተቀብሎ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ቦታ የሚስማማ ቃል አለው፤ እርሱም መግቦት ነው። መግቦት ፈጣሪ የፈጠረውን ፍጥረት ጠብቆ፣ አጽንቶና አስተዳድሮ ማኖሩ ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ፈጣሪ ከገፊዎች አንዱ፣ ከበሬውና ከፈረሱ፣ ከወንጭፉና ከሞተሩ ጋር የሚቆጠር አይደለም፤ ገፊም ተገፊም ሁለቱም የሚኖሩበትን መኖር የሚሰጥ ነው። መግቦትን እንዲህ የተረዳ አማኝ ኢነርሺያን ሲማር አይደነግጥም፤ የማይለወጥ ሰጪ ስጦታውን በየቅጽበቱ የማይለዋውጥ መሆኑን ያይበታልና።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የሚንቀሳቀስ ሁሉ ገፊ አይሻም፤ የሚኖር ሁሉ ግን መኖሩ ከየት እንደሆነ ይጠየቅበታል። የመጀመሪያውን ፊዚክስ በማስረጃ ዘግቶታል፣ ሁለተኛውን ፊዚክስ ሊዘጋውም ሊከፍተውም አይችልም። ስለዚህ የፊዚክስ መምህር የኒውተንን ሕጎች ሲያስተምር ከተማሪው እምነት ጋር ጦርነት የገጠመ አይምሰለው፤ የአብነት መምህርም ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምር የሰበቃንና የስበትን ትምህርት እንደ ጠላት አይራቀው። ስለ አንድ ፍላጻ ጉዞ በጥንቃቄ የጠየቀውና ያንኑ ጥያቄ ወደ ጸሎቱ ቤት ይዞ የገባው እስክንድርያዊው ዮሐንስ ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዟቸው ኖሯል፤ የዛሬውም ተማሪ ሊይዛቸው ይችላል።